ባሕሩ ከኋላው ነው

በኮሮናው ጊዜ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ባለው ሱቄ፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦ እየሸጥኩ ሳለ ቴሌቪዥኑ ማልታን አሳየ። ባሕር ዳርቻዋ ጭር ብሏል። «ደሴታችን እንግዳ ናፍቋታል፤ ኑ!» ይላል ማስታወቂያው።

እኔ ማልታን የማውቃት ልጅ ሳለሁ፣ ሆሳዕና ከተማ ባለ ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ተስላ ነው። ቀለሟ ገና ይሸት ነበር። ታላቅ ወንድሜ በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ሊሄድ ሲል፣ እንደ መንገደኛው ሁሉ ከስዕሉ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሳ። ፎቶ አንሺው ከረባት እያሰረለት፣ «ከኋላህ የተሳለው ምሽግ የጥንት ፈረሰኞች ሥራ ነው፤ ቱሪስት ይጎርፍበታል» አለው።

እናቴ ፎቶውን ስታይ፣ «ባሕሩ ከኋላው ነው፤ ተሻግሯል ማለት ነው» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም።

ማልታ ሊደርስ ሲል ባሕር በላው። ሬሳው ስላልመጣ፣ ለቅሶ የተቀመጥነው ያንኑ ፎቶ አቁመን ነው።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። እንግዳ ናፈቃት አሉ! ወንድሜ ሲመጣላት የት ነበረች?