አራተኛው ሳህን

መምህር ሀብተወልድ ሆዱ ለሰው የሚራራ፣ ሲናደድ ግን አፉን የማይገታ የደብረ ታቦር ሰው ነበር። ሳይንስ ሊያስተምር ሐረር ተመድቦ ሲሄድ እናቱን «ለሁለት ዓመት ነው» አላቸው። ሁለቱ ሰባት ሆነ። ብቸኛ ልጃቸው ነውና ደብዳቤ በላኩለት ቁጥር ቃላቸው አንድ ነበር፤ «ዓይኔ ሳይጠፋ ድረስልኝ።» የሰሜኑ መንገድ ግን ያለ ይለፍ ወረቀት አይታለፍም፤ ይለፍ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይገኝም።

በ1977 ኅዳር ላይ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር ታወጀ። አንደኛ የወጣው መምህር ሥራውን ይዞ ጎንደር ለትርኢት ይላካል ተባለ። ጎንደር ከደረሰ የእናቱ ቤት ቅርብ ነው፤ ሀብተወልድ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ጀጎል ውስጥ በተከራየበት ቤት ጣሪያ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ ሊፈትን አራት ሳህን የተቆራረጠ ማንጎ ደረደረ። ማንጎው ያው፣ ውፍረቱ ያው። አንዱን በጨው፣ ሁለተኛውን በሎሚ፣ ሦስተኛውን በስኳር አሸ። አራተኛውን ምንም አላስነካውም። እሱ እንዲበላሽ የተተወ ነው፤ ካልተበላሸ የሌሎቹ መዳን በምን ይታወቃል? ይህን ለተማሪዎቹ አሥር ጊዜ ነገራቸው። ለአከራዩ ለእማማ ዘምዘም መንገር ግን ትዝም አላለው። የተማረ ሰው ጣጣው ይኸው ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ይረሳል።

በሃያኛው ቀን ዳኞቹ ጣሪያ ወጥተው የሳህኖቹን ሽፋን ገለጡ። አራተኛው ሳህን ላይ ሻጋታ የለ፣ ሽታ የለ፤ ማንጎው እንደ ሌሎቹ ደርቆ ቁጭ ብሏል። አንዱ ዳኛ ሳቅ አለና «ታዲያ ጨውና ሎሚው ምን አስፈለገ፣ መምህር?» አለው።

ዳኞቹ ሥራውን ውድቅ አድርገው ሲሄዱ እማማ ዘምዘም ደጃፍ ላይ ፈገግ ብለው ቆመው ነበር።

«ያቺን የረሳሃትን እኔ ጨው ነሰነስኩባት፤ በየቀኑም አገላበጥኳት» አሉት።

«ማን ይንኩ አለዎት? እንድትበሰብስ እኮ ነው የተውኳት!»

«ወላሂ፣ የአላህ ንእማ፣ የአላህ ሲሳይ ሲበሰብስ እያየሁ ዝም ልበል? ሦስቱን አድነህ አንዷን ለምን ትጥላታለህ፣ ልጄ?»

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። «ከእናቴ አቆራረጡኝ!» ብሎ ጮኸባቸውና በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ እንደምን አደሩም አላላቸው። እሳቸው ግን በየጠዋቱ በሩ ላይ «ሰላም አደርክ?» ማለታቸውን አልተዉም።

የካቲት ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ አብረውት የሚያስተምሩት መምህራን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ማንም ሳይናገር ገባው። እናቱ ከሞቱ ወር አልፏቸዋል። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ውሃ የሚያቀብላቸው እንኳ አጥተው፣ ብቻቸውን ነበር የሞቱት።

መሬት ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ፣ ከሁሉ ቀድመው አጠገቡ የተቀመጡት እማማ ዘምዘም ናቸው። በጨርቅ የቋጠሩትን ፈቱ። የአራተኛው ሳህን ማንጎ ነበር።

«መንገድ ሲከፈት ለእናትህ ትወስድላቸዋለህ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት» አሉ።

ሀብተወልድ አንዲት ቁራጭ አንስቶ አያት። ምንም አልሆነችም።

«እርስዎ ለማንጎ ቁራጭ አንጀትዎ አልቻለም» አላቸው፤ «እኔ እናቴን ሰባት ዓመት ተውኳት።»

እማማ ዘምዘም «አብሽር፣ አይዞህ» ሊሉት ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው፤ አብረውት አለቀሱ።