ውሃ የማያስገባው የመኪና ልብስ

ዛሬ ቤቴል ሰፈር አንድ ነጋዴ ጋ «ጠብታ ውሃ አያስገባም» የተባለ የመኪና ልብስ ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው በጨርቁ ውስጥ ማዶ የቆመው ታክሲ ታየኝ። ታርጋውን ማንበብ ነው የቀረኝ።

የአባቴ አሮጌ መኪና ክረምቱን ግቢ ውስጥ ቆማ ነው የምታሳልፈው። አምና የገዛሁላት ልብስ ነሐሴ ሳይገባ ተቀዶ ውሃ አቆረና ጣሪያዋ ዛገ። ዘንድሮ ጠንከር ያለ ልፈልግ ብዬ ነው የወጣሁት።

ነጋዴው «እህቴ፣ የቱርክ ነው። ለልጅሽ ታወርሺዋለሽ» አለኝ።

ሳስቶ የለም ወይ ስለው «እንዲተነፍስ ተብሎ ነው» አለ። መተንፈሱንስ ይተነፍሳል።

ይሄን እያወራን ዝናቡ ወረደ። ሰውዬው ልብሶቹን በሩጫ ሰብስቦ ከመራቸውና አንድ ያረጀ የከባድ መኪና ሸራ አለበሳቸው። ውሃ የማያስገባው ልብስ ውሃ እንዳይገባበት መሆኑ ነው።

«በቃ ሸራውን ሽጥልኝ» አልኩት።

«እሱማ አይሸጥም እህቴ። ዕቃዬን በምን ልሸፍን?» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

መኪናዋ አሁንም ራቁቷን ናት። እናንተስ፣ ሻጩ ራሱ የማያምነውን ዕቃ አምናችሁ የገዛችሁት ምን ነበር?