ያልተቀመቀመው መድረሻ

ልብስ ሰፊውን በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ልብሱን ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ይዞ የሚመለሰው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ «ጋሽ ነገ» ሲሉት ኖረዋል።

ሰነፍ ሰው አልነበረም። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሰፊ «ባለቤቱ መጥቶ ፊትህ ሳይቆም የመጨረሻዋን ስፌት አትስፋ፤ አልቆ የተሰቀለ ልብስ ይረሳል» ብለውት ነበር፤ እሱም ቃሉን እንደ ኑዛዜ ያዘው። ስለዚህ በሱቁ የተሰቀሉት ኮቶች ሁሉ አንዳንድ ቁልፍ ይጎድላቸዋል፤ ቀሚሶቹም በአንድ በኩል ጠርዛቸው አልተቀመቀመም። አንድ ባለቤት ብቻውን ከመጣ ጋሽ ነገ ወዲያው መርፌውን ያነሳል። ሦስት ሆነው ከመጡ ግን «ነገ» ብሎ በጓሮ በር ወጥቶ በብስክሌቱ ይሸሻል። ባለቤቶቹም ይህን ስለማያውቁ ተጠራርተው ይመጡ ነበር።

ሴት ልጁ ልታገባ ስትል ቬሎዋን እኔ ካልሰፋሁ አለ። ጨርቁን ራሱ መረጠ፣ ራሱ ቆረጠ፤ እጅጌውን ሲሰፋ ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ነው። የታችኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሚስቱ «ባለቤቷ እኮ ጠዋት ማታ ፊትህ ቆማለች፤ ምን ቀረህ?» ብትለው ክሩ ቀለሙ አልተስማማኝም አለ። ክሩ ሲለወጥ መብራቱ አነሰኝ አለ። አምፖሉ ሲቀየር ቬሎውን አጣጥፎ አስቀመጠው። ቬሎው ካለቀ ልጅቷ ከቤት እንደምትወጣ ያውቃል፤ ይህን ግን ለራሱም ጮክ ብሎ አልነገረውም።

አንድ ቀን እራት ላይ ልጅቷ ቬሎውን ከመንገዱ ማዶ ላለው ሰፊ ልትሰጥ መሆኗን ተናገረች። ያኛውን «ቶሎ» ይሉታል። ልብስ በአንድ ቀን ያደርሳል፤ ደንበኛው ለብሶት ሲቀመጥ ግን ይተረተራል።

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» አለ ጋሽ ነገ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ።

«ሰንበሌጥም ቢሆን ቤት ነው፣ አባዬ። ያንተው ጣሪያ የለውም» አለች። «አንድ ነገር ጀምረህ ስትጨርስ በዓይኔ ልይ።»

ጋሽ ነገ ዙሪያውን ሲያማትር ዓይኑ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ አረፈ። በከተማው ስለሚካሄደው ትራያትሎን የሚናገር ነው፤ በሐይቁ መዋኘት፣ ኮረብቶቹን በብስክሌት መውጣት፣ ከዚያ እስከ አደባባዩ መሮጥ። የውድድሩ ዋና ዳኛ የመድረሻውን ባነር እንዲሰፋለት ጨርቅ ሲያመጣ ነበር ለናሙና የተወለት። ጋሽ ነገ ጣቱን ቀስሮ «ይኸውልሽ፣ ይህን እጨርሳለሁ» አለ። ሚስቱ ሳቋ አልቆም ስላለ የያዘችውን ብርጭቆ ማስቀመጥ ግድ ሆነባት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረሰ ቬሎው የእሱ ነው፤ ካልደረሰ ሰፊው ቶሎ እዚያው አደባባዩ ላይ ቬሎውን ይረከባል። በዚህ ተስማሙ።

የውድድሩ ቀን ሙቀቱ ገና በጠዋት ጀመረ። ጋሽ ነገ ያደገው ሐይቁ ዳር ስለሆነ ዋናው አላስፈራውም፤ ያስፈራው የነፍስ አድን ጀልባው ነው። ጀልባው ላይ የተቀመጠው የባንክ ሠራተኛ ኮቱን ከጠየቀ ሁለተኛ ክረምቱ ሊገባ ነው። ጎኑ ድረስ ቀዝፎ «ጋሼ፣ ኮቴስ?» አለው። ጋሽ ነገ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ውሃ ሞላበት። በሙያ ዘመኑ ቀጠሮ ሳይሰጥ ያመለጠው ያኔ ብቻ ነው።

ብስክሌቱ ላይ ሌሎቹ በዳገቱ ጥለውት ሄዱ። አስፋልቱ ቀልጦ ጎማውን እንደ ማስቲካ ይስበዋል። ሁለተኛው ኮረብታ ላይ ፍጥነቱ ከእግረኛ ስለማይበልጥ ቀሚስ አሰፍታ ያልተረከበች አንዲት መምህርት ጎን ለጎን ትራመድ ጀመር፤ አዘነችለትና ጃንጥላዋን አጋራችው። እሱ ይረግጣል፣ እሷ ጥላውን ይዛ ትሄዳለች። ቀሚሱን የፈለገችው ለልጇ ልደት እንደነበር፣ ልጇ አሁን ፊደል ቆጥሮ መጨረሱን ያለ ቁጣ አጫወተችው።

«ነገ ነይ» አላት እያለከለከ።

«እሱማ የታወቀ ነው» አለችው። «ለመሆኑ ዛሬ መድረስ የነበረበት የማን ሥራ ቀርቶብሃል?»

ጋሽ ነገ በዚያ ሐሩር ውስጥ ብርድ ብርድ አለው። ባነሩ! ዋና ዳኛው ትሁት ሰው ስለሆነ ወር ሙሉ በስልክ ብቻ ሲጠይቅ ከርሟል፤ ስልክ ደግሞ ፊት ለፊት አይቆምም። መድረሻው ግማሽ ጠርዙ ተከፍቶ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ቀርቷል። ለመመለስ አሰበ፤ መንገዱ ግን ግራና ቀኝ በገመድ ታጥሯል። የጓሮ በር የሌለው መንገድ ሲገጥመው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ብስክሌቱን አስረከበና እየተንገዳገደ መሮጥ ጀመረ።

አደባባዩ ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ የሚያየውን ግን ማመን አቃተው። ከእሱ ሰዓታት ቀድመው የደረሱት ጎበዞች ሁሉ አደባባዩን ይዞራሉ። አንዳንዱ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ይራመዳል፣ አንደኛ የነበረው እየዞረ ያለቅሳል። ዋና ዳኛው ደንቡን ይዞ መሃል ላይ ቆሟል። ደንቡ ውድድሩ የሚያልቀው ከባነሩ ሥር ነው ይላል፤ ባነር ከሌለ ውድድሩ አላለቀም። የቆመ ይሰረዛል። ውሃ የሚያቀብሏቸው ሰዎች እንኳ አብረው እየሮጡ ነው የሚያጠጧቸው።

ዳኛው ጋሽ ነገን ሲያይ ደንቡን ዝቅ አድርጎ ፊቱ መጥቶ ቆመ።

«ባነሩስ?»

ጋሽ ነገ አላሰበበትም። ሠላሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው።

«ነገ» አለ።

የሚዞሩት ሁሉ እየሄዱ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። ልጁ ቬሎውን በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ታቅፋ ከዳር ቆማለች። አጠገቧ ቶሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ሁለቱም ሰሙ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ያን ጊዜ ሚስቱ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። ባነሩ በክንዷ ላይ ነው፤ መርፌና ክር ደግሞ ደረቷ ላይ ሰክታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ባለቤቱ ፊትህ አልቆመም?» አለችው።

ጋሽ ነገ ዳኛውን አየ። ቆሟል። ከኋላው የሚዞሩትንም አየ፤ ከሦስት ይበልጣሉ፤ ግን የሚሸሽበት እግር አልነበረውም። መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ደንቡ የቆመ እንጂ የተቀመጠ ይሰረዛል አይልም። የብስክሌቱ መሪ ያደነዘዘው እጁ ክሩን በመርፌዋ ዓይን ማስገባት አቃተው፤ ደጋግሞ ሳተ። ልጅቷ ጥቅልሏን ለቶሎ አስይዛ መጣች፣ ክሩን በምራቋ አሹላ አስገባችለትና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እሱ ሰፋ። ላቡ መድረሻው ላይ ይንጠባጠባል። ሩጫውን ጨርሶ መሞት የፈለገ አንድ ጎረምሳ በዞረ ቁጥር «ጋሼ፣ በርታ» ይለዋል።

ቋጠሮውን ሲያስር የፀሐይዋ ግማሽ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ወርዶ ነበር። ባነሩ ተሰቀለ። የሚዞሩት ተጋፍተው ከሥሩ አለፉ፣ አልፈውም ወደቁ። ጋሽ ነገ በእጁ ተመርኩዞ ተነሳና አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሚስቱ ግባ እንጂ አለችው። አልገባም። ዓይኑ ልጁ ላይ ነው።

ልጅቷ ገባት። ቬሎውን ከቶሎ እጅ ተቀብላ ከባነሩ ወዲያ ማዶ ሄደች፤ ከልብሷ በላይ አጥልቃው ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ባለቤቷ መጥታለች።»

ጋሽ ነገ ተሻገረ። ዳኛው በደንቡ መሠረት መጨረሻ የገባ ብሎ መዘገበው። እሱ ግን አልሰማም፤ ጠርዙን ሊያይ ተንበርክኮ ነበር። ከተንበረከከ በኋላ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው፤ መነሳትም ወደ ጎን መሄድም አልቻለም። ስለዚህ እሱ ባለበት ሆኖ ሲሰፋ፣ ልጅቷ ቀስ እያለች በፊቱ ዞረችለት። ቶሎ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። አንድ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ጋሽ ነገ ቀና ብሎ አያት፤ አፉ ያቺን የለመዳትን ቃል ሊል ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ የቀረችውን ሰፋና ክሩን በጥርሱ በጠሰው።