ለመስኩ የገባሁት ወንፈል

ወጣቶቹ «ይንገሩን» ስላሉኝ ነው የምናገረው። በየክረምቱ መስኩን የሚያርሙት እነሱ ናቸው፤ ሥራው እንዴት እንደተጀመረ ጠየቁኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ከምንጩ በታች የሁሉም ከብት የሚግጥበት መስክ አለ። እዚያ ላይ ቅንጨ አረም ወጣ። ነጭ አበባውን ሲያዩት ያምራል። በቋንቋችን በኽምጣንኛ ስም ፈልገን አጣንለት፤ እናቶቻችን አያውቁትማ። ሣሩን እየዋጠ ምንጩ አፍ ደረሰ። የልጄ ላም በላችውና ወተቷ መረረ። ሕፃን ልጇ አፉ ውስጥ አድርጎ ተፋው።

«መስኩ ካለቀ በምን አኖራታለሁ? ልሸጣት ነው» አለች ልጄ። የዚያ ቤት ልጆች የሚያድጉት በዚያች ላም ነበር።

ብቻዬን ብነቅል ብነቅል፣ ከፊቴ ስነቅል ከኋላዬ ይበቅላል። ጎረቤቶቼን «ደቦ እንውጣ» አልኋቸው።

«የማን ደቦ?» አለኝ አንዱ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ጎረቤታችን። «ደቦ ጠሪ አለው፣ ጠላ አለው። ለዚህ ላሞቹ ይጥመቁልን?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው፣ የሁሉም የሆነ ነገር ጠሪ የለውም። «የራሳችንን ማሳ እንጨርስና» አሉ። ሲጨርሱ ቅንጨው አብቦ፣ ዘር ይዞ ቆየ። ያንን ነቅለን እየጎተትን ስንወስድ፣ ዘሩን መንገድ ለመንገድ በተንነው። በዓመቱ መንገዱም ነጭ ለበሰ።

እኔ እንደሆንሁ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከቤት ቤት ስዞር ነው የምውል። በሚቀጥለው ክረምት መዞሬን ሥራ አደረግሁትና ወንፈል ገባሁ። ወንፈል ዛሬ እኔ ያንተን፣ ነገ አንተ የእኔን ነው፤ ቀን በቀን። ማሳ ግን የለኝም።

«እማማ፣ ቀንዎን የት ላይ ልንመልስልዎ ነው?» አሉኝ። «ጓሮ እንኳ የለዎት!»

«እናንተ አሳርሙኝ፤ ቦታውን እኔ አውቃለሁ።»

ጤፉ ገና ብቅ ሲል ጀምሬ ስምንት ቤት፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀን ዋልሁ። ወገቤ አልቃና ቢለኝ በጉልበቴ እየዳኽሁ አረምሁ። ልጄ «ለአንዲት ላም ብለው ሊሞቱ ነው?» ብላ ተቆጣች። ስምንተኛውን ቤት በጨረስሁ ማግስት፣ ቅንጨው ገና ቅጠል ብቻ ሳለ፣ በየደጁ ቆምሁ።

«ነገ ቀኔን መልሱልኝ። መስኩ ላይ።»

ያ ቀልደኛ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ እርስዎ የዋሉልኝ ግማሽ ቀን ነው። ግማሹን ሲያወሩ ነው የዋሉ።»

«እንግዲያው ግማሽ ቀን ንቀልልኝ፣ ግማሹን እያወራህ ዋል።»

መጡ። ስምንቱም ቤት መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሥሩ ሳይበጠስ ይወጣል። እጅ ስለሚያሳክክ ጨርቅ ጠቀለልን። እንደ ጤፍ አራሚ ተሰልፈን ከመንገዱ ጫፍ ወደ ምንጩ ወጣን። የነቀልነውን ድንጋያማው ላይ ከመርነው፤ ሲደርቅ አቃጠልነው። ቀልደኛው ሙሉ ቀን ዋለ፤ ሙሉ ቀንም አወራ።

በአንድ ክረምት አላለቀም። በሁለተኛው እንደገና የሰው ማሳ ገባሁ፣ በሦስተኛውም። በአራተኛው ሣሩ ቅንጨውን አሸነፈው። ላሟ አልተሸጠችም፤ ዛሬ መስኩ ላይ የሚግጡት ጥጆቿና የጥጆቿ ጥጆች ናቸው። ቅንጨው አሁንም አንዳንድ ቦታ ብቅ ይላል። ወጣቶቹ ግን ጠሪ አይጠብቁም።

እኔ በወንፈሌ ስኮራ ኖርሁ። ቀኔን ሰጥቼ ቀናቸውን ወሰድሁ እላለሁ። አምና ነው፣ የቀልደኛው ሚስት ምስር ስንለቅም እየሳቀች ጉዱን ያወጣችው። ለካ ዓይኔ ያኔም ደክሞ ኖሯል፤ ጤፉን ጤፍ ከሚመስለው ሙጃ ሳልለይ አብሬ እነቅለው ነበር። እኔ ማታ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ባለማሳዎቹ የነቀልሁትን ጤፍ እየለቀሙ መልሰው ሲተክሉ ያመሹ ነበር። ስምንቱም ቤት፣ ሦስቱንም ክረምት።