ከስካርቦሮ ወደ ሙስ አገር

የባለቤቴ አባት ስካርቦሮ የሚባለው የቶሮንቶ ሰፈር በገቡ በሁለተኛው ክረምት፣ አንድ ጠዋት ከቤት ወጥተው ጠፉ። ልብስ ላጥብ ወደ ምድር ቤቱ ወርጄ የቆየሁት አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ሶፋው ባዶ ነው፤ ቡትስ ጫማቸውም በር ላይ የለም።

እኔም እንደ ልጆቻቸው አባባ ነው የምላቸው። ስፖንሰር አድርገን ካመጣናቸው ጀምሮ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታችን ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም ነበር። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ሊፍቱን ይፈሩታል፣ አውቶቡሱ የት እንደሚያደርሳቸው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ምግብ ሳቀርብላቸው ይመርቁኛል፤ ግማሹን ግን ይተዉታል። ነርስ ነኝና ደማቸውንም ስኳራቸውንም አስመርምሬያለሁ። ምንም አልተገኘም።

ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ኤግሊንተን ዌስት አንድ ሕንፃ እድሳት ላይ ነበር፤ ሥራውን ጥሎ መጣ። ፖሊስም ጠራን። ሁለት ሰዓት ከፈለግናቸው በኋላ ውሻዋን የምታናፍስ አንዲት ሴት ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ጅረቱ ዳር ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው። ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ላይ ሲያወጣቸው እስከ ጉልበታቸው በረዶ ናቸው። እንባ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በርቷል።

በመስኮት አንድ ግራጫ ነገር ወደ ዛፎቹ ሲወርድ አይተው፣ አሥራ አንዱን ፎቅ በደረጃ ወርደው ተከትለውታል። ሊቆጣ አፉን የከፈተውን ልጃቸውን ቀደሙትና፣ «አጋዘን የሚመስሉ ናቸው፣ ሦስት» አሉት። «አንደኛዋ የኋላ ቀኝ እግሯን ታነክሳለች። የተኙበት በረዶ ቀልጧል፤ እጄን ባስገባበት ገና ለብ ይላል።»

ባለቤቴ ቁጣውን ትቶ ኮቱን አለበሳቸው። አባቱ ኢሉባቦር ጫካ ውስጥ ጎሽና አጋዘን እያደኑ ያደጉ፣ አባታቸውም አያታቸውም አዳኝ የነበሩ ሰው ናቸው። እሱን ግን ገና በዘጠኝ ዓመቱ፣ ይማርልኝ ብለው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ልከውታል። ስለዚህ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ ከአባቱ ጋርም ብዙ ወሬ አልነበራቸውም። ጠዋት ጠዋት ጤና ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

በዚያው ሳምንት በክፍለ ሀገሩ ሰሜን ጫፍ ያለ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ይፈልጋል የሚለውን ማስታወቂያ እንደገና ከፍቼ አነበብኩት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ። ለአባባ ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። በቀን ሦስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ መቀመጥ መሮኝ ነበር፤ የቤት ኪራዩም አንገት ላይ ደርሷል። አፕላይ አደረግሁ። ኢንተርቪው በስልክ አደረጉልኝና ከነመኖሪያ ቤቱ የሁለት ዓመት ኮንትራት ላኩልኝ።

ልጃችን ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስንነግራት በእንግሊዝኛ «እኔ አልሄድም» ብላ ክፍሏ ገባች። ኢስት ዮርክ ያለችው ጓደኛዬም አልቀለደችም። ሰው ከዚያ ወደ ቶሮንቶ እየመጣ አንቺ ልጅና ሽማግሌ ይዘሽ ወዴት ነው የምትሄጂው ብላ ከልቧ ተቆጣችኝ። ቤት ስገባ የእሷን ቃል ለባለቤቴ ደገምኩለት።

ነገሩን ያዞሩት አባባ ናቸው። ልጅቷን ጠርተው እዚያ አገር ምን ዓይነት አውሬ እንዳለ ጠየቋት። ኩርፊያዋን ሳትተው ስልኳ ላይ ፈልጋ ሙስ አሳየቻቸው፤ ከፈረስ የሚበልጥ፣ ቀንዱ እንደ ሁለት አካፋ የተዘረጋ አውሬ ነው። አባባ ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው?» አሏት። «ያመሰኳል?»

ማመስኳት ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። የዋጠውን ሣር መልሶ ማኘክ ነው ብዬ አስረዳኋት። ፈልጋ ሰኮናው ስንጥቅ እንደሆነ፣ እንደሚያመሰኳም ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ይበላል» አሉና ስልኩን መለሱላት። በእሳቸው በኩል ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰሜኑ አውሬ ስታነብ አገኛት ጀመር፤ ዕድሜዋ እንደደረሰና ኮርስ ወስዳ ማደን መማር እንደምትችል ያገኘችውም ራሷ ናት።

ለአደን ፈቃድ የሚሰጠውን ኮርስ ከመሄዳችን በፊት ቶሮንቶ ውስጥ በቅዳሜና እሑድ ወሰዱት፤ ባለቤቴ፣ አባባና ልጃችን። ማታ ማታ የራት ሳህን ከተነሣ በኋላ ልጅቷ አስተማሪ ትሆናለች። እሷ አማርኛዋ ይሰበራል፣ እሳቸው እንግሊዝኛ የላቸውም፤ ሆኖም ስለ አፈሙዝና ስለ ነፋስ አቅጣጫ ሲሆን ይግባባሉ። እሳቸው ከመጡበት ቀን ጀምሮ ከአያቷ ጋር ያን ያህል ስታወራ አይቻት አላውቅም።

በተግባሩ ትምህርት ላይ መምህሩ ባዶ ጠመንጃ ለአባባ ሲሰጣቸው፣ ተቀብለው ከፍተው፣ ጥይት እንደሌለው በዓይናቸውም በጣታቸውም ፈትሸው፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙረው ቆሙ። መምህሩ ለክፍሉ ሁሉ ደግመው እንዲያሳዩ ጠየቃቸው። የጽሑፍ ፈተናውን ግን ወደቁ። ደግመው ተቀመጡ፤ ደግመው ወደቁ። ባለቤቴና ልጃችን አልፈዋል። መኪና ውስጥ ማንም ደስታውን ለማሳየት አልደፈረም።

«ጠመንጃውን እናንተ ያዙ» አሉ አባባ መሃል መንገድ ላይ። «ለማየት ፈቃድ አያስፈልግም።»

በሐምሌ ተነሣን። ሁለት ቀን ነዳን። ከተማዎቹ እየተራራቁ፣ ዛፎቹ እያጠሩና እየቀጠኑ ሄዱ፤ ሐይቁ ግን አያልቅም። የተሰጠን ቤት ከመንገዱ ጫፍ ነው። ጎረቤታችን ዕድሜያቸው ከአባባ ጋር የሚቀራረብ ክሪ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ያደኑ። በገባን በሦስተኛው ቀን ሁለት ጥንቸል ገፈው ይዘውልን መጡ። እኛ ጥንቸል አንበላም። አመስግኜ ተቀበልኩና በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ናት በግልጽ ያስረዳቻቸው፤ ሃይማኖታችን ሰኮናው ስንጥቅ ያልሆነ ወይም የማያመሰኳ እንስሳ እንደማይፈቅድልን። አልተቀየሙም። ዝይስ ብለው ጠየቁ፤ እሱም አይበላም። ዓሣስ? ዓሣ ይበላል። በማግሥቱ ዓሣ አመጡ፤ አባባም ገብተው እንዲቀመጡ እጃቸውን ይዘው ሳቧቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ቋንቋ ሳይነጋገሩ አብረው ይውላሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ቀላል አልነበረም። ቅዝቃዜው አፍንጫ ውስጥ ያለውን ፀጉር ሳይቀር ያደርቃል። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ጥገና ላይ እስኪቀጠር ድረስ ለወራት ቤት ዋለ። ልጃችን ስልኳን ታቅፋ ከስካርቦሮ ጓደኞቿ ጋር ታወራለች፤ ስትዘጋ ዓይኗ ይቀላል። በዚያ መስከረምና ጥቅምት ከጎረቤታችን ጋር ብዙ ቅዳሜ ጫካ ወጥተን ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። ጓደኛዬ ስትደውል ሁሉ ደህና ነው እላት ነበር። ሁሉም ደህና አልነበረም።

የሙስ ፈቃድ ተመዝግቦ ተራ የሚጠበቅበት ነገር ነው። በሁለተኛው ዓመት ለባለቤቴ ደረሰው። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት እያካፋ አምስታችንም ወጣን፤ ሁላችንም ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰናል። ጎረቤታችን በእጃቸው አፋቸውን ከልለው እንደ ሴት ሙስ ተጣሩ። ጠብቀን፣ ጠብቀን፣ እግሬ ደንዝዞ ልነሣ ስል አንድ ትልቅ ወንድ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ቆመ። ባለቤቴ ተኮሰ። አውሬው ተንገዳገደና ተመልሶ ጫካው ውስጥ ገባ።

በጎረቤታችን ምክር ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ደሙን ተከተልን። ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ በረታና ደሙን አጠበው። ባለቤቴና ጎረቤታችን ዙሪያውን ፈለጉ፤ ምንም የለም። ባለቤቴ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። አቁስዬ ተውኩት፣ ሁለተኛ ጠመንጃ አልይዝም አለኝ።

አባባ እስከዚያ ድረስ ከልጅቷ ጋር ከኋላችን ነበሩ። ሁላችንም ካለንበት እንዳንነቃነቅ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ጎንበስ ብለው በቀስታ ከዞሩ በኋላ ልጃቸውን ጠሩት። እኔም አብሬው ተጠጋሁ። መሬቱ ሽበት በመሰለ አጭር እርጥብ ተክል ተሸፍኗል፤ ሰኮና የረገጣቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው፣ በሁሉም ውስጥ ውሃ አለ።

«ይህን ውሃ እየው» አሉት። «የጠራ ነው፤ የትናንት ነው። ያኛውን ደግሞ እየው።»

«ደፍርሷል» አለ ባለቤቴ።

«ገና አልረጋም። በዚህ ሄዷል።»

ከዚያ በኋላ ዝም ብለው አልመሩንም። ቅጠሉ ተገልብጦ ነጭ ሆዱ የሚታይበት፣ ቀንበጡ የተቀነጠሰበት ቦታ ሁሉ ላይ ቆመው ልጃቸው ራሱ እስኪያየው ይጠብቁታል። ካላየ አይነግሩትም። ካየ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጎረቤታችን ከኋላ ሆነው ይከተላሉ፤ አንዳንዴ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ሄድን። አባትና ልጅ ቶሮንቶ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ያልተነጋገሩትን ያህል በዚያች ሰዓት ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ባለቤቴ ሆነ። ሙሱን ያገኘውም እሱ ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ረግረግ ማዶ በጎኑ ወድቆ፣ ሞቷል።

ባለቤቴ ሮጦ አልሄደም። አባቱን ዞሮ አያቸው። ሞቶ የተገኘ አውሬ ይበላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

«ስትተኩስ በስመ አብ ብለሃል?» አሉት አባባ።

«ብያለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እንጃ፣ አባባ። እስክተኩስ ድረስ ስደጋግመው ነበር።»

«አንዴ ይበቃ ነበር» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም። ካራቸውን አወጡና ለሥርዓቱ እሳቸውም በስመ አብ ብለው አንገቱን ቆረጡት። ጎረቤታችን ደግሞ ከኪሳቸው ቁንጥር ትምባሆ አውጥተው ከራሱ አጠገብ መሬት ላይ አኖሩና በቋንቋቸው ጸለዩ። አባባ ያን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛም አወለቅን።

የቀረው ጉልበት ነው። ብልቱን አወጣጥተን፣ በጀርባችን እየተሸከምን እስከ መኪናው ስንመላለስ ቀኑ አለቀ። ልጄ አንዱን የጎድን ሥጋ ተሸክማ ሦስት ጊዜ ወድቃለች፤ ልቀበልሽ ስላት አልሰጥም አለች። የጎረቤታችንን ድርሻ ለየን፤ እሳቸውም ማደን ላልቻሉ ሁለት ቤቶች ከራሳቸው አካፈሉ፤ እኛም ጨመርንበት።

ጠብ የተነሣው ቤት ከገባን በኋላ ነው። አባባ ጥሬውን ሊበሉ ፈለጉ። የዱር ሥጋ ምን ምን ትል እንደሚይዝ ሆስፒታል ውስጥ አይቻለሁና በእኔ ቤት ጥሬ አይበላም አልኩ። ምራት አማቷን እንዲህ ስትናገር ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። በሦስተኛው ቀን ምድር ቤቱን ስከፍት፣ ከጣሪያው ሥር ገመድ ወጥረው ቋንጣ ዘልዝለው ሲሰቅሉ አገኘኋቸው።

«ይህስ ይፈቀዳል፣ ሐኪሟ?» አሉኝ።

«ይህ ይፈቀዳል፤ ግን በደንብ ተቀቅሎ ነው የሚበላው» ብዬ ገመዱን ይዤላቸው ቆምኩ። ጎረቤታችን ገብተው ሲያዩት አያታቸው በጭስ ያደርቁት የነበረው ልክ እንዲህ ሆኖ እንደሚዘለዘል ነገሩን።

የገና ጾም ሳይገባ ሁለት ትልልቅ በረዶ ሳጥን ሥጋ ጭነን ቶሮንቶ ወረድን። ኢስት ዮርክ ጓደኛዬ ቤት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰው ተሰበሰበ። ጓደኛዬ መጀመሪያ በጥርጣሬ ቀመሰች፤ ቆይታ ድስቱን አጠገቧ አደረገችው። አባባ መሃል ተቀምጠው የሚጠየቁ ሰው ሆነዋል። ታሪኩን ግን የተናገረችው ልጄ ናት፤ በአማርኛ ጀምራ፣ ሲጠፋት አያቷን እየጠየቀች፣ እስከ መጨረሻው በአማርኛ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማታል። በስመ አብ ስንት ጊዜ እንዳለ እንደማያውቅም አልተወችለትም።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ምን እናድርግ ብለን ተቀመጥን። ልጃችን የመጨረሻውን ቃል እንድትናገር ተስማምተን ነበር። ሁለት ነገር ጠየቀች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ቶሮንቶ እንድንወርድና የራሷ የበረዶ ጫማ እንዲገዛላት። ለሦስት ዓመት ፈረምኩ።

ባለፈው ወር አንዲት የማላውቃት ነርስ ከስካርቦሮ ደወለችልኝ። አበሻ ናት፤ ባልና ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ያንኑ ማስታወቂያ አይታ ቁጥሬን ከጓደኛዬ ተቀብላለች። ያልነገርኳት የለም። ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ እንደሆነ፣ ጤፍ በፖስታ እንደምናስመጣ፣ የመጀመሪያው ክረምት እንደሚያስለቅሳት ነገርኳት። ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። በግንቦት ይመጣሉ፤ ባለቤቴ እስኪደላደሉ የሚያርፉበትን የላይኛውን ክፍላችንን ቀለም እየቀባላቸው ነው።