ኳስ ሲወጣ ሰዓቱ ይቁም

ሐሩን ገርጂ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እሁድ እሁድ ግን ሱቁን ለሚስቱ ለመኪያ ይተውና የአንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን እግር ኳስ ያሰለጥናል። የሚከፍለው የለም። መኪያ «በነፃ ጮሆ ጮሆ ድምፁ ተዘግቶ የሚመጣ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም» ትለዋለች። እሱም ይስቃል።

የማታዎቹ ልጆች ሲሠሩ ውለው የሚማሩ ናቸው። አምበሉ አብዱልገኒ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በረኛው ዘርአይ ደግሞ እሁድ ማታ ለሚ ኩራ ጅምር ሕንፃ ይጠብቃል፤ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተረኛ ነው። ልጆቹ እንደ ቀን ተማሪዎቹ መሮጥ አይችሉም። ስለዚህ ሐሩን አንድ ዘዴ አስተማራቸው፤ አንድ ጎል ካገባችሁ ኳሷን ወደ ገደሉ።

የኮሌጁ ሜዳ ዳር ላይ ጥልቅ ገደል አለ። ኳስ እዚያ ከገባች ወርደው እስኪያወጧት ሰዓቱ ይሄዳል። የቀን ተማሪዎች ተናደው «ገደል ግቡ!» ብለው ሲጮሁ፣ የማታዎቹ «ኳሷ ቀድማናለች!» ይሏቸዋል።

የቀኖቹ አሰልጣኝ ገረመው ነው፤ የኮሌጁ የስፖርት መምህር፣ የሐሩን የልጅነት ጓደኛ። በወጣትነታቸው ለአንድ የሰፈር ቡድን አብረው ተጫውተዋል፤ ሐሩን ከመስመር ያሻማል፣ ገረመው ያገባል። ዛሬም ከጨዋታ በኋላ ገረመው ሐሩንን በመኪናው ይዞት ሃያ ሁለት ሰፈር ይወርዱና ስፕሪስ ጭማቂ ይጠጣሉ። ማንም ያሸንፍ፣ ማንም ይሸነፍ፣ የመኪናው የፊት በር ለሐሩን ይከፈታል።

ሁለቱ ቡድኖች በየዓመቱ ለፍጻሜ ይገናኛሉ። ያሸነፈው የኮሌጁን ስም ይዞ ወደ ኮሌጆች ውድድር ይሄዳል። የማታዎቹ አንድም ዓመት ሄደው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ቡድኑ ደህና ነበር፤ አብዱልገኒማ ማሊያው ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ብሎ መጨቃጨቅ ጀምሮ ነበር።

ከፍጻሜው በፊት አንድ እሁድ ስፕሪሱን እየጠጡ ሐሩን ለጓደኛው የሆዱን አወጣለት።

«እኔ የምፈራው ዘርአይን ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ከሞላ ጥሎኝ ይሄዳል። ከሱ ሌላ ያለኝ ቢሩክ ነው፤ እሱ ደግሞ ኳስ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።»

ገረመው እስኪያስለው ሳቀ። «አይዞህ፣ ከአስራ ሁለት በፊት ያልቃል።»

«በመካከላችን ይቅር እሺ።»

«ምን በወጣኝ!»

በዚያው ሳምንት ሁለቱም አሰልጣኞች አባል የሆኑበት የኮሌጁ የስፖርት ኮሚቴ ተሰበሰበ። ገረመው ተነስቶ አዲስ ደንብ አቀረበ። «ኳስ ሲወጣ ሰዓቱ ይቁም። ተመልካች የሚመጣው ጨዋታ ሊያይ ነው እንጂ ገደል ሊያይ አይደለም። ሐሩንም ይደግፋል፣ ተነጋግረንበታል።»

አልተነጋገሩም። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ መብራት ወደ ሐሩን ዞረች። ሐሩን «አልተነጋገርንም» ሊል ነበር። ግን ወዳጁን በሰው ፊት እንዴት ውሸታም ያድርገው? ስንት ዓመት እዚያ ኮሚቴ ውስጥ አንዱ እጁን ሲያወጣ ሌላው እያወጣ ኖረዋል። ይሉኝታ ያዘው። እጁን አወጣ።

ነገሩ የገባው ሱቁ ከገባ በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ከቆመ ጨዋታው ይረዝማል፣ ዘርአይም አይቆይም። ለገረመው ደውሎ ጨዋታው ቀደም ብሎ እንዲጀመር ለመነው።

«ፕሮግራሙ ተለጥፏል፣ ሐሩኔ። ደግሞስ ምን ያህል ሊረዝም ብለህ ነው?»

ለልጆቹ «ኮሚቴው ወስኗል» አላቸው። እጁን ማውጣቱን አልነገራቸውም።

የፍጻሜው ዕለት ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞላ። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ አብዱልገኒ አገባ። ሐሩን ኳሷን ሜዳ ውስጥ ያዙ፣ አታውጡ እያለ ጮኸ። ልጆቹም ሰሙት። የቀኖቹ ተከላካይ ግን ኳሷን አገኘና ማንም ሳይነካው ወደ ገደሉ ለጋት። ዳኛው ሰዓቱን አቆመ። ጥቂት ቆይቶ ሌላው የቀን ተጫዋች ደገመ። ከዚያ ሌላው።

«እንዴ! እየተመሩ ለምን ያወጣሉ?» አለ ከሐሩን ኋላ የቆመ ተመልካች። «እነዚህ ልጆች አብደዋል እንዴ?»

ሐሩን ማዶ ወዳለው ወደ ገረመው ተመለከተ። ገረመው ጨዋታውን አያይም። የእጅ ሰዓቱን ያያል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሰማው ብዙ ጊዜ ነው። ትርጉሙን ያወቀው ግን ያን ዕለት ሲወድቅ ነው። የተጠባባቂዎች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ዘርአይ ጓንቱን እያወለቀ መጣ። «ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ። ባለፈው አርፍጄ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል።»

«ሂድ ልጄ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።»

ቢሩክ ገባ። ገደሉን ጠሉት መሰል፣ ከዚያ በኋላ ከቀኖቹ እግር ኳስ አንዴም አልወጣችም። ሁለት ጎል ቢሩክ ላይ ተከታትሎ ገባ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር።

አብዱልገኒ የቡድኑን ዕቃ ሚኒባሱ ላይ ሲጭን አንድ የቀን ተማሪ እየጨፈረ አለፈ። «ለምን ታለቅሳላችሁ? ደንቡን የራሳችሁ አሰልጣኝ እጁን አውጥቶ አይደል ያጸደቀው!»

አብዱልገኒ ወደ ሐሩን ዞረ። «ውሸት ነው በሉኝ፣ ጋሼ።»

«አውጥቻለሁ።»

«ለምን?»

«ገረመው አጠገቤ ስለነበረ» አለ ሐሩን። ሲናገረው ለራሱም መልስ አልመሰለውም። አብዱልገኒ ሞተሩን አስነሳ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ገቡ። ሚኒባሱ ሄደ።

ገረመው መኪናውን አቅርቦ የፊቱን በር ከፈተ። «ግባ እንጂ ሐሩኔ! ኳስ እኮ ነው። ስፕሪሱ ዛሬ በኔ ነው።»

«ዘርአይ በአስራ ሁለት እንደሚሄድ ማን ነገረህ?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተው ነሃ!» ገረመው ሳቀ። የምር ነው የሳቀው።

ሐሩን በሩን ሳይነካ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ከወጡት ኳሶች አንዷ፣ የማታዎቹ ንብረት የሆነችው፣ ገደል ውስጥ ቀርታለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው ሲልክ እንጂ እሱ ወርዶ አያውቅም። ቁጥቋጦ እየያዘ፣ እየተንሸራተተ ወረደ። ኳሷን በዳበሳ አገኛትና ጭቃውን በኮቱ ጠረገላት።

ከላይ የገረመው መኪና ጥሩምባ ይጠራዋል። አንዴ ጠራ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጠራ። ሐሩን ኳሷን ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥሩምባው ተስፋ ቆርጦ መኪናው እስኪሄድ ድረስ ከዚያ አልወጣም።