እንደ ጋን የተመረገው የዓሣ ሣጥን

ሙሴ ኒቆላ፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ የነበረው ግሪክ፤ ጉተማ፣ ዘበኛውና ውሃ ቀጂው፤ ዲንቂቱ፣ የጉተማ ነፍሰ ጡር ሚስት፤ እኔ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላኝ የሱቁ ጸሐፊና አስተርጓሚ። እነዚህን ሰዎች ያስታወሰኝ ባለፈው እሑድ በልጄ ሳሎን ያየሁት የዓሣ ሣጥን ነው። የመስተዋት ክዳኑን ከውስጥ ጠብታ ሸፍኖታል። ልጄ፣ "አባባ፣ ውሃው እየተነነ አስቸገረኝ፤ ይህን ቀዳዳ ልድፈነው" አለኝ። "ተወው" ብዬ ተቆጣሁት። ምክንያቱን ግን አልነገርሁትም።

ሙሴ ኒቆላ ከአዋሽ ያስጠመዳቸውን ዘጠኝ ትንንሽ ዓሣዎች እንዲህ ባለ ሣጥን ያኖር ነበር። በክዳኑ ሁለት መስተዋቶች መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። ድሬዳዋ ሲሄድ፣ ጠብታውን ጠዋት ጠዋት እንድጠርግ፣ ክፍተቱን ከቶ እንዳልዘጋ አዘዘኝ።

ወሩ ሚያዝያ ነው። አቧራው ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ውሃው በየቀኑ ስለሚጎድል ጉተማ በዚያ ፀሐይ ከሩቅ ጉድጓድ በአህያ እያመጣ ይሞላል። እኔ ፊደሉንም፣ የጣቢያውን ፈረንሳይኛም ያለ አስተማሪ ስለ ለቀምሁ ሁሉን ያወቅሁ ይመስለኝ ነበር። ጠላ ሻጯ እናቴ፣ ያልተመረገ ጋን የሰነፍ ነው ትል ነበርና፣ ጭቃ አቡክቼ ክፍተቱን እንደ ጋን አፍ መረግሁት።

ጉተማ አይቶ ሳቀ። "ዓሣው ጠላ መሰለህ እንዴ? ይተንፍስ እንጂ" አለኝ።

"አንተ ውሃህን ቅዳ" አልሁት።

ክዳኑ በጠብታ ታውሮ ውስጡ አልታይ ሲል፣ ውሃው አላመለጠም ብዬ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሽታ መጣ። ብከፍተው ዘጠኙም ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ሙሴ ሳይደርስ ጭቃውን ፍቄ ጣልሁ፤ የሸተተውንም ውሃ አብዛኛውን ደፋሁ።

መጥቶ ሲጠይቅ ጉተማ በአማርኛ መለሰለት፦ "ይህ ልጅ እኔን ለማሳረፍ ብሎ መረገው። በክፋት አይደለም፣ አይቆጡት።" ሙሴ አማርኛው ጥቂት ነው፤ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ጉተማ በማያውቀው ፈረንሳይኛ፣ "ውሃ መሙላቱን ረሳሁ ይላል" አልሁት።

በዚያው ቀን ከነሚስቱ ከግቢው ተባረረ። ሲወጣ፣ ዲንቂቱ ለአራስነቷ ካዘጋጀችው፣ በቅቤ ከታሸው የገብስ ጩኮ እፍኝ ሙሉ ሰጠኝ። "እውነቱን ስለ ተናገርህልኝ እግዜር ይስጥህ። ዘበኛው እኔ ነኝና በእኔ ፈረደ" አለኝ። ጩኮውን በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር።

በእግራቸው ወደ አገራቸው ወደ አርሲ ነገሌ ሄዱ። ከዚያ የመጣ እህል ነጋዴ ኋላ እንደ ነገረኝ፣ ዲንቂቱ ከመቂ ወዲያ ግራር ሥር ወለደች፤ ሕፃኑ አርሲ ነገሌ አልደረሰም።

ልጆቼን ስለ ውሸት በአለንጋ ስቀጣ ኖሬአለሁ። ውሸት መጥፎ መሆኑን ዛሬም አስተምራለሁ፤ ነገር ግን ከማን እንደ ተማርሁት አልነገርኋቸውም። የእኔ ውሸት ያስከፈለው ይህን ነው፦ ሙሴን አንድ ታማኝ ሰው፣ ጉተማን እንጀራውን፣ ዲንቂቱን ልጇን። እኔን ግን እንኳን ሊያስከፍለኝ፣ እፍኝ ጩኮ አስገኝቶልኛል።